ሁለት ጣት ትርፍ

ጥር 9

ወንድሜ ቁልፌ፣

እንዴት ነህልኝ? ሚስትህስ? ያ ቀኑን ሙሉ የሚያስነጥሰው የቢሮህ አለቃ አሁንም ያስነጥሳል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይጮኻል እንጂ እሱም ደህና ነው። መልሴ የዘገየው ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ የሚዜዎች ልብስ ይዤ ነበር። ሴቶቹ በለካኋቸው ቁጥር ይወፍራሉ። አንዷን «የኔ እመቤት፣ ሠርጉ እስኪያልፍ እንኳ አፍሽን ያዝ አድርጊ» ብላት አኩርፋ ሄደች፤ በማግስቱ ኬክ ይዛልኝ መጣች፤ ምን ትላታለህ?

ልጄ በወረቀት መጻጻፋችን ያስቃታል። «እማ፣ አጎቴ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው ነው፣ ለምን በስልክ አትልኪለትም?» ትለኛለች። በስልክ ስናወራ አንተ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» ብቻ ነህ። ወረቀት ላይ ግን ሰው ይወጣሃል። ስለዚህ ትሳቅ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ፕሮግራምህ መቀስ ደህና ነው። አዲሱን ቨርዥን ከፍቼ አየሁት፣ ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል፣ እጅህ ይባረክ። ልኩን አስገባለታለሁ፣ እሱ የልብሱን ቅድ በወረቀት ያወጣልኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ፤ እንደ ወትሮው ነው። በተለይ ያቺ በቀኝ በኩል ያለችው ቀይ የማተሚያ ምልክት እንዴት ትመቻለች! ዓይኔ ሳይፈልጋት እጄ ያገኛታል።

ስለ መቀስ ካነሳን፣ ባለፈው የእማዬን መቀስ፣ እውነተኛውን ማለቴ ነው፣ ላስሞርደው ወሰድኩት። ሞራጁ አገላብጦ አየውና «ይሄ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ አንቱ ልበለው እንዴ?» አለኝ። ስስቅ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። እማዬ ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግታ፣ ተንበርክካ በጠመኔ ስትስል ወገቧ የተያዘ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሆነህ «ካሁን በኋላ አንቺ አትንበርከኪ፤ ኮምፒውተሩን አንበረክክልሻለሁ» አልካት። እሷም «እሱስ ጉልበት አለው?» አለችህ። ፕሮግራሙን መቀስ ብለህ ስም ስታወጣለት ደግሞ በእውነተኛው መቀሷ ቀንታ ሳምንት ሙሉ ፊት ነሳችህ። አቤት ያ ጊዜ!

ጻፍልኝ። አጭር አታድርገው።

እህትህ

ጥር 27

ውድ እታለም፣

አለቃዬ አሁንም ያስነጥሳል። እኛም ደህና ነን። ሚስቴ ስለ ሚዜዋ ስትስቅ ሻይዋን ደፋችው፤ ደብዳቤሽ ላይ ያለው ቡናማ ነገር እሱ ነው፣ ማለት እኔ ዘንድ ባለው ላይ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ መልሱን እንዳታለባብሽው። መቀስን ልዝጋው ወይስ ልቀጥል?

አርጅቷል። ኮምፒውተሮች በተለወጡ ቁጥር እሱም አብሮ መለወጥ አለበት፤ የሚለውጠው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁዴን እየበላ። በነጻ የሰጠሁት ነገር ነው። ውስጡን ማንም ገልብጦ እንዲያየው፣ ከቻለም እንዲያስተካክለው ክፍት አድርጌ ተውኩት፤ ኦፕን ሶርስ ማለት ይኸው ነው። ግን የሚያይ እንጂ የሚያስተካክል አልመጣም። «አይሠራም»፣ «መቼ ታስተካክለዋለህ?»፣ «ቶሎ በል» ብቻ ነው የሚጻፍልኝ። ስማቸውን ከማላውቃቸው አገሮች ሁሉ።

አሁን ግን አንዲት ሴት መጣች። በሩቅ አገር የቲያትር ልብስ ትሰፋለች፣ ኮድም ትጽፋለች። እኔ ባለ ቲያትሯ እላታለሁ። «ከደከመህ እኔ ልያዝልህ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን መጀመሪያ ልትነካ የፈለገችው ምን ይመስልሻል? ሁለት ጣቱን!

እማዬ የልጅ ልብስ ስትሠራ ከታች ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ታጥፍ አልነበር፣ ልጁ ሲያድግ ተፈቶ እንዲረዝም? እኔ ጣቶቿን በማስመሪያ ለክቼ ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ ተከልኩት፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከዘጠኝ ሚሊ። ከላዩም ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ በአማርኛ ጻፍኩ፤ «ይህን ቁጥር አትንኩ፣ እናቴ ትቆጣለች»። ስንቱ ሰው «ይሄ ሦስት ከዘጠኝ ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ስህተት ነው፣ አራት አድርገው» ብሎኛል። አልነካሁትም።

ባለ ቲያትሯ ደግሞ ሰው ሁሉ እንደየፍላጎቱ የሚቀይረው ይሁን አለች። ጨዋ ናት፣ በደንብ ነው የጻፈችው። እኔ ግን የእማዬን እጅ ከእጄ ላይ ያነሳችብኝ ያህል ተሰማኝ። ለሰው ሰጥቼ ሲበላሽ ከማይ ራሴ ብዘጋው አይሻልም?

የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ አንቺ ነሽ። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ያቆየሁትም ላንቺ ብዬ ነው። አንቺ እየሠራሽበት አልዘጋውም። ስለዚህ ወስኚልኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 18

ቁልፌ፣

ወስኚ ብለህ እኔ ላይ ጣልከው፣ አይደል? ልጅ ሆነህም እንዲሁ ነበርክ። ሳህን ትሰብርና ስብርባሪውን አምጥተህ እጄ ላይ ታስቀምጣለህ። እማዬ ስትገባ ሳህኑ በማን እጅ ተገኘ? በኔ! የልብስ ቁልፍ የዋጥህ ዕለት እንኳ እኔ ነኝ የተቆጣሁት፣ «ምን ስታይ ነበር?» ተብዬ። አንተ ስም አተረፍክበት፣ እኔ ቁጣ።

ስለ መቀስ አስቤ እነግርሃለሁ፣ አታጣድፈኝ። እኔማ ያለሱ ምን እሆናለሁ? ባለፈው እንኳ ለጎረቤቴ ልጅ ቀሚስ በዚያች በቀይዋ ምልክት አተምኩና ቆረጥኩላት፤ ልክ ሆነላት። ይኸው ነው እንግዲህ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ፊደልህ ለምን ተለቀ?

ድሮ የምትጽፈው ጉንዳን የተሰለፈ ነበር የሚመስለው፤ መነጽሬን ደርቤ ነበር የማነበው። የዛሬው ደብዳቤህ ግን ገጹ ሳይጀመር ያልቃል። መስመሩም ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ከወረቀቱ ወጥታ ልትወድቅ ነው። ልጄ «አጎቴ ወረቀት በነጻ ያገኛል መሰለኝ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እማዬ ዓይኗ የደከመ ሰሞን ምን ታደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ? ክሩን በከንፈሯ ታረጥባለች፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ትይዛለች፣ ከዚያ ክሩን ከመርፌው አጠገብ ታሳልፈዋለች። አሁንም ታሳልፈዋለች። «የዘንድሮ መርፌ ተበላሸ፣ ቀዳዳውን አጠበቡት» ትላለች። አንተም ሳትጠራ ከደብተርህ ትነሳና «እውነትሽን ነው፣ በጣም ጠቧል» እያልክ ታስገባላት ነበር። አንድም ቀን «ዓይንሽ ነው» አላልካትም። እኔ ያኔ ነው የወደድኩህ፣ ከዚያ በፊት እንኳ ብዙም አልነበረም።

የዘንድሮ ኮምፒውተር ፊደሉ አነሰ እያልክ እንዳይሆን ብቻ።

ሚስትህን ሳምልኝ። መልስ።

እህትህ

መጋቢት 7

እታለም፣

ቀይዋ ምልክት የለችም። ያነሳኋት ካቻምና ነው። ማተሚያው አሁን ከላይ በግራ ነው ያለው፣ ቀለሙም ሰማያዊ ነው።

ጥር ላይ ስትጽፊልኝ፣ ተምታቶባት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የካቲት ላይ ግን ቀሚስ አተምሽባት። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ሚስቴን ጠርቼ አነበብኩላት። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ካቻምና ያንን ሁሉ ቅዳሜ የሠራሁት ለማን ነበር? «እታለም ማተሚያውን ስትፈልግ እንዳትቸገር» ብዬ ነው ምልክቱን ያዛወርኩት። ይኸው አልተቸገርሽም።

አልተቆጣሁም። ብቻ ነገሩ ቀለለ። አንቺ ካልሠራሽበት የማቆይበት ምክንያት የለም። ወሩ ሳያልቅ የስንብት ቃል ጽፌ እዘጋዋለሁ። ለባለ ቲያትሯም አመሰግናለሁ፣ አይሆንም እላታለሁ።

ስለ ፊደሌ የጠየቅሽውን በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ሚስቴ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ

መጋቢት 16

ቁልፌ ቆይ!

ፖስታው ገና ሱቁን ሳልከፍት ደረሰኝ። ደንበኛ በር ላይ ቆማ እያየችኝ ነው፤ ትቁም።

ኮምፒውተሩ ካቻምና አንድ ቀን ጠዋት አልነሳም አለ። ብትመታው፣ ብትነቅለው፣ ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች። ልጄ ታብሌት አመጣችልኝ፤ እሱ ላይ ቅድ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም አለ። ይሠራል፣ ምን ልበልህ፣ ግን ፊት የለውም፤ እንግዳ ቤት የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ይኸው ነው እውነቱ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? በየደብዳቤው «ላንቺ እንዲመችሽ ብዬ ይሄን አስተካከልኩ፣ ያን አስተካከልኩ» ትላለህ። ሰው ሹራብ ሠርቶ ሲሰጥህ ጠበበኝ ይባላል? አሮጌው ኮምፒውተር ግን እዚያው ነው፣ አልጣልኩትም። አናቱ ላይ የክር ጥቅልል ደርድሬበታለሁ። ልጄ «ይሄ መደርደሪያ ድሮ ኮምፒውተር ነበር» እያለች ለደንበኛ ታስጎበኛለች።

ሌላው፣ ሚስትህ ደወለችልኝ። እንዳትቆጣት! የሰማሁትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ሐኪሙ ያዘዘህን ቀን እንዳታሳልፍ ብቻ። አራት ነጥብ።

አሁን ወደ ሁለት ጣቱ ልምጣ፤ አደራህን እስከ መጨረሻው አንብብ፣ ሚስትህም ብታነብልህ ግድ የለኝም።

እማዬን «ጣትሽን አምጪ» ብለህ የለካሃት ዕለት እኔም ነበርኩ። ወፍራም ኮት ይዛ እጅጌውን በእጅ እየሰፋች ነበር። ያቺ መርፌ እንዳይወጋት መሃል ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የቆርቆሮ የጣት ቆብ አለች አይደል? ሳታወልቃት ነው ሁለት ጣቷን አጋጥማ ማስመሪያህ ላይ የዘረጋችልህ። አንተ ዓይንህ ቁጥሩ ላይ ነው፤ እኔ አየሁ። እማዬም አይታለች፤ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ኋላ «ለምን አልነገርሽውም?» ስላት «ተይው፣ ስንት ደክሞ ነው የለካው። ትንሽ ቢተርፍስ ማን ይጎዳል? ልጅ እንደሆነ ያድጋል» አለችኝ።

እና ወንድሜ፣ ያ ዓለምን የዞረው ሦስት ከዘጠኝህ የእማዬ ጣት ብቻ አይደለም። ቆርቆሮም አለበት። ስንቱን ሰው «አትንኩ» ብለህ የተጣላኸው ለቆርቆሮ ጭምር ነው። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ደንበኛዋ «እብድ ናት» ብላ ልትሄድ ነው።

ሳቁን ልተወውና፣ ትርፉ ለምን እንደሚተው ረሳኸው እንዴ? እማዬ ያን እጥፋት ስትሰፋ ክሩን ሆን ብላ ታላላው ነበር። ሌላውን ስፌት እንደ ሲሚንቶ ታጠብቃለች፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ይለሰልሳል። «ይሄን የሚፈታው ሌላ ሰው ነው፣ ጥፍሩ እንዳይሰበር» ትል ነበር። የልጁ እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ የሌላ ሰፈር ልብስ ሰፊ ትሁን፣ አታውቃትም። ግን ታስብላት ነበር። አንድም ቀን ተከትላ ሄዳ «እጥፋቴን ማን ነካብኝ?» ብላ አታውቅም። እንዲያውም መንገድ ላይ ስንሄድ ጠርዙ የተፈታ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ካየች፣ ያ የድሮው እጥፋት የነበረበት ቦታ ፀሐይ ሳይነካው ጠቆር ብሎ እንደ ቀለበት ሲዞር ካየች፣ ክንዴን ቆንጥጣ «አየሽ? አደገች!» ትለኝ ነበር። ክንዴ እስኪበልዝ ነበር የምትቆነጥጠኝ። ልብሱ የሷ ሥራ መሆኑን እንኳ አትናገርም። ዝም ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች።

እና ባለ ቲያትሯ ብትፈታው ምንድን ነው ያጠፋችው? እንዲፈታ አይደል የተተወው?

ብትዘጋውም አልቀየምህም። ደክሞሃል፣ ዓይንህም ዕረፍት ይሻል። ግን አኩርፈህ አትዝጋው። እኔ ስላልሠራሁበት ብለህም አትዝጋው። እኔ ቀሚሱ ያጠረብኝ ልጅ ነኝ፤ ሌላ የሚለብሰው አለ። ወስኚ ብለኸኝ የለ? ወሰንኩ። ስጣት።

ደንበኛዋ ገባች። ልትጮህብኝ ነው።

እህትህ

ሚያዝያ 20

እታለም፣

ይህን የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ፣ እሱ እየነገረኝ። ዓይኑ ታስሯል። ኦፕራሲዮኑ ደህና አለቀ፤ ሐኪሙ ከስክሪን ራቅ አለው። እሱ ግን ተኝቶም ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ይተይባል። ከዚህ በታች ያለው የሱ ቃል ነው። ስለ ምግብ አበሳሰሌ የተናገረውን አልጻፍኩትም።

እታለም፣ ቆርቆሮዋን ሳነብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሚስቴ ለምን እንደምስቅ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን እየሳቅኩ ይሁን ምን እያደረግኩ አላወቅኩም። እማዬ ያን ሁሉ ዓመት አውቃ ዝም አለችኝ? ያን ቁጥር ይዤ ከስንት ሰው ጋር ስከራከር አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር እኮ! አንድ ጊዜማ «በርታ፣ እንዳትለቅላቸው» ብላኛለች።

ሐኪም ቤት ከመግባቴ በፊት ለባለ ቲያትሯ ጻፍኩላት። የመቀስን ሙሉ ሥልጣን አስረከብኳት። የእማዬን ነገርም ነገርኳት፤ ሁለት ጣቷን፣ ቆርቆሮዋን፣ ሲፈታ አየሽ አደገች ማለቷን። ማስታወሻው በአማርኛ ምን እንደሚልም ተረጎምኩላት። ቁጥሩን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ይህን ያልኩሽ እንድትተይው ብዬ አይደለም አልኳት። ላኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሃያ ዓመት የያዙትን ነገር ሲለቁት እጅ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? አላወቅኩትም።

መልስ ልካ እንደሆነ አላየሁም። ሚስቴ ከፍታ ልታነብልኝ ሞክራ «ይሄ ኮድ ሳይሆን የተቋጠረ ክር ነው» ብላ ተወችው። ስለዚህ አንቺ እይልኝ። የእህቴ ልጅ ገጹን ታገኘዋለች፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ቁጥሩ ምን እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ። እንዳለ ንገሪኝ። ቀዩን ምልክት እንዳትነግሪኝ ብቻ።

ወንድምሽ

ግንቦት 4

የኔ ቁልፍ፣

ዓይንህ እንዴት ነው? አትሸው! ልጅ ሆነህ ቁስልህን ትነካካ ነበር፣ አውቅሃለሁ። ሚስትህ ሆይ፣ ይህን የምታነቢለት አንቺ ነሽና እጁን ያዥልኝ። ስለ ምግብሽም ያለውን ተይው፣ እሱ ድሮም የሚጥመው የሰው ቤት ነው።

አየሁልህ። እሁድ ሱቅ ዘግቼ ከልጄ ጋር ተቀመጥን። ታብሌቱን የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቆመችውና የመቀስን ገጽ ፈልጋ አወጣችው። ወንድሜ፣ ያንን ሁሉ ነው የምትጽፈው? ሱሪ ለመስፋት? ልጄ በጣቷ ወደ ታች ትስባለች፣ አያልቅም። ባዕድ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ቁጥር፣ እንደገና ቅንፍ። እኔ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እላታለሁ፤ ገብቶኝ አይደለም፣ እንዳታልፈው ብዬ ነው።

ከዚያ በዚያ ሁሉ የሰው አገር ፊደል መሃል የኛ ፊደል ብቅ አለች። «ይህን ቁጥር አትንኩ፣ እናቴ ትቆጣለች»። ገበያ መሃል የሰፈሬን ሰው ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ልጄ ይህን አይታው አታውቅም ነበር። «አያቴን ነው?» አለችኝ። «ሌላ ማንን ሊሆን ነው?» አልኳት።

የጠየቅኸኝን እንዳለ ልንገርህ። ባለ ቲያትሯ ፈታዋለች። አሁን ሰው ከፈለገ የራሱን ቁጥር የሚያስገባበት ቦታ አለ። ካልነካው ግን እዚያ የሚጠብቀው ሦስት ከዘጠኝ ነው። ከነቆርቆሮው።

ልጄ መቀስን የራሷ ኮምፒውተር ላይ ጫነችና «የሱቃችንን ቁጥር እንቀይረው?» ብላ ማስመሪያ አቀበለችኝ። ሁለት ጣቴን ዘረጋሁ። እጄ የእማዬን መምሰሉን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ መቼ እንዲህ እንደሆነ እንጃ። የኔ ያንሳል፣ ቆርቆሮ የለበትማ። ልክ እንዳልኩህ ያንሳል። «ተይው» አልኳት። የጎረቤቴን ልጅ ልክ አስገባን፣ ይሄኛዋ እንኳ እውነተኛ ልጅ ናት፣ ቀሚሷም እውነተኛ ነው፤ ከላይ በግራ ባለችው ሰማያዊ ምልክት አተምንላት። ሰማያዊ መሆኗን ልብ በል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከአንተ ማስታወሻ ሥር ባለ ቲያትሯ አንዲት አጭር መስመር ጨምራለች። በራሷ ፊደል ስለሆነ አላወቅነውም፤ ልጄ በስልኳ አስተረጎመችው። መጀመሪያ ስልኩ ተሳስቶ ነው ብላ ደግማ አስተረጎመችው። ያው ነው።

ያንተ «ይህን ቁጥር አትንኩ፣ እናቴ ትቆጣለች» ይላል።

ከሥሩ የሷ፣ «የእኔም» ይላል።

ዓይንህ ሲፈታ ሄደህ ራስህ ታየዋለህ። እኔ አይቼልሃለሁ።

እህትህ